ከድሬዳዋና ከሐረር ተነስቶ ፓሪስን ማየት፦ የአሥር ቀን ዕረፍት እንዴት ይታቀዳል?

ከድሬዳዋ ወይም ከሐረር ተነስቶ ለአሥር ቀን ፈረንሳይን ዞር ዞር ብሎ ማየት የሚያስብ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከአየር ቲኬቱ ነው። ቲኬት ግን በአንድ ከሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ወራት የሚፈጀው ቪዛው ነው፤ ቪዛ የሚያስከለክለው ደግሞ ገንዘብ ማነሱ ብቻ አይደለም፣ ወረቀቶቹ እርስ በርስ አለመስማማታቸውም ጭምር ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ሰፊውን ቦታ የያዘው ወረቀቱ ነው። ለኤፍል ማማ መመሪያ አያስፈልግም፣ ከሩቅ ይታያል።

መድረሻው ፈረንሳይ የሆነው ለምሥራቁ ሰው ብዙም ባዕድ ስላልሆነች ነው። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው በ1902 ከጅቡቲ ተነስቶ በደረሰው የፈረንሳዮች ባቡር ምክንያት ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የከተማዋ የከዚራ ሰፈር ጎዳናዎችም የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ሐረር ደግሞ ገጣሚው አርተር ራምቦ ከ1880 መጨረሻ ጀምሮ እየወጣ እየገባ የነገደባት ከተማ ናት። የተወለደበት ሻርልቪል ከፓሪስ በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ሌላ አገር የመረጠ ሰውም የቪዛውን ክፍል እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል፤ በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው 29 የአውሮፓ አገሮች፣ ማለትም የሼንገን አገሮች፣ የቪዛ ሕጋቸው አንድ ነው።

ጊዜውን ከጉዞው ቀን ወደ ኋላ ቁጠሩ

የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ የመጨረሻው ገደብ ከጉዞው 15 ቀን በፊት ነው። ይህ የሕጉ ቃል ነው። ኢትዮጵያዊ አመልካች ግን በ15 ቀኑ እንዳይታለል። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኤፕሪል 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን መደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። በዚያው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆሟል፤ ከተለመዱት ማስረጃዎች አንዱን ለአመልካች መተውም እንዲሁ። በ45 ቀኑ ላይ ማመልከቻውን አዲስ አበባ በአካል ለማስገባት የሚያዘው ቀጠሮ እስኪገኝ የሚጠበቀው ጊዜ ይጨመራል።

በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ ማለትም በመስከረም መጀመሪያ ሳምንት ለመሄድ ያሰበ ሰው እንዲህ ይቁጠር፦ ፓስፖርቱ እስከ የካቲት መጨረሻ እጁ ላይ ይሁን፤ የባንክ ሂሳቡ ከመጋቢት ጀምሮ በወጉ ይንቀሳቀስ፤ ቀጠሮውን በሚያዝያ ይፈልግ፤ ፋይሉን ከሰኔ አጋማሽ ሳያሳልፍ ያስገባ። 45ቱ ቀን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ቀሪው አንድ ወር ቲኬት ለመቁረጥና ለድንገተኛ ነገር ነው።

ሴፕቴምበርን የመረጥነው በምክንያት ነው። በኦገስት ብዙ ትናንሽ የፓሪስ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ዘግተው ለዕረፍት ይሄዳሉ፤ ቱሪስቱ ግን ሞልቶ ይፈሳል። በዲሴምበር ፀሐይ ከምሽቱ 11 ሰዓት በፊት ትገባለች፤ ገና ሙዚየም ጎብኝታችሁ ስትወጡ ጨለማ ይቀበላችኋል። ጁን ያምራል፣ ነገር ግን ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 4 ሰዓት ሌሊት ገደማ ስለሆነ መግሪብን ጠብቆ እራት የሚበላ ሰው አስቦበት ይሂድ። ሜይና ሴፕቴምበር መካከለኛ ናቸው።

አንድ የሰፈራችን ነገርም አለ። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ነው። በነዚያ ሳምንታት ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ የሚመጣ የአውሮፕላንም የአውቶብስም ቦታ ይጠፋል። ቀጠሮችሁን ወይም ፓስፖርት ለመቀበል የምትሄዱበትን ቀን ከነዚህ አርቁት።

የትኛው ኤምባሲ?

የሚመለከተው ብዙ ሌሊት የምታድሩበት አገር ኤምባሲ ነው። የሌሊቱ ቁጥር እኩል ከሆነ መጀመሪያ የምትገቡበት አገር ይሆናል። ፓሪስና ሻርልቪል ዘጠኝ ሌሊት ከሆነ ፈረንሳይ ናት። ፓሪስ ሦስት፣ ሮማ ስድስት ካደራችሁ ግን ማመልከቻው የሚገባው ለጣልያን ነው። «እገሌ ኤምባሲ ይቀላል» በሚል ወሬ ለአንዱ አመልክቶ ሌላ አገር መክረም ጣጣ አለው፤ ድንበር ላይ የሚጠይቅ ፖሊስ ሆቴሉን ከቪዛው ጋር አያይዞ ያየዋል።

ለንደንና ደብሊን ሼንገን ውስጥ የሉም፤ የየራሳቸው ቪዛ አላቸው። ከፓሪስ ለንደን በባቡር ደርሶ መመለስ በካርታ ላይ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ የያዘ ሰው ከሼንገን ከወጣ መመለሻ የለውም።

ፓስፖርትና ስም

ፓስፖርቱ ከአውሮፓ ከምትወጡበት ቀን በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር የሚያገለግል፣ ባለፉት አሥር ዓመታት ውስጥ የተሰጠና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆን አለበት። የድሬዳዋ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ስላለ ለፓስፖርት አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም። የሚያልቅበት ቀን ከተቃረበ አስቀድማችሁ አሳድሱት፤ ቀጠሮ ከያዙ በኋላ የፓስፖርት ቁጥር መቀየር ሁሉንም ፎርም እንደገና ያስሞላል።

በምሥራቅ ትልቁ ችግር የስም አጻጻፍ ነው። መሐመድ የሚባል ሰው በላቲን ፊደል ፓስፖርቱ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ባንኩ ዘንድ በሌላ ዓይነት፣ ንግድ ፈቃዱ ትርጉም ላይ በሦስተኛ ዓይነት ይጻፋል። አብዱራህማን፣ ዩሱፍ፣ ፋጡማም እንደዚያው። ፋይሉን ለሚያየው ሠራተኛ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። መፍትሔው አንድ ነው፦ ፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት የማሽን መስመሮች መነሻ አድርጉ፤ ባንኩ፣ አስተርጓሚው፣ ቀጣሪው፣ ኢንሹራንሱ፣ ሆቴሉ ሁሉ ከዚያ ፊደል በፊደል ይቅዱ። ባለትዳሮች ደግሞ የቤተሰብ ስማቸው ስለማይመሳሰል የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያያይዙ፤ በእኛ አገር ሚስት በአባቷ ስም እንደምትጠራ አንድ መስመር በደብዳቤው ላይ ቢጻፍ ጥያቄ ይቀንሳል።

ፋይሉ

ማመልከቻው የሚሞላው ፍራንስ ቪዛ በተባለው የፈረንሳይ መንግሥት ድረ ገጽ ነው። ተሞልቶ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ከቀጠሮ ወረቀቱ ጋር ይያዛል። ፎቶው 35 በ45 ሚሊ ሜትር፣ ከስድስት ወር ያልበለጠ፣ ፊት ከአገጭ እስከ አናት ከ32 እስከ 36 ሚሊ ሜትር የሚሆን ነው። ፎቶ ቤት «የፓስፖርት» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፣ ልኩን በቁጥር ንገሩት። ስትነሱ ሌላ 25 በ30 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ፎቶም አሠሩ፤ ለምን እንደሆነ የፓሪስ ትራንስፖርት ላይ ይመጣል።

ገንዘብ። ፈረንሳይ ያስቀመጠችው ዝቅተኛ ልክ ግልጽ ነው፦ ሆቴል ለያዘ ሰው በቀን 65 ዩሮ፣ ሆቴል ላልያዘ 120 ዩሮ፣ ዘመድ ቤት ለሚያርፍ 32.50 ዩሮ። ሆቴል ይዞ ለአሥር ቀን የሚሄድ ሰው ስለዚህ ቢያንስ 650 ዩሮ ማሳየት አለበት። ይህ ወለሉ ነው። ኤምባሲው የሚያየው ገንዘቡ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ጭምር ነው። በወር 15 ሺህ ብር የሚገባበት ሂሳብ ላይ ማመልከቻው ሊገባ አሥር ቀን ሲቀረው 400 ሺህ ብር ከወደቀ ሠራተኛው «የተበደረ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ይህ ደጋግሞ የሚያጋጥመው ነጋዴውን ነው፤ ብሩ በእጅ፣ በዕቃና በዕቁብ ይዞራል እንጂ ባንክ አያድርም። ዕቁብ የወጣለት ሰው ገንዘቡ የገባበትን ቀን የሚያሳይ፣ በዕቁቡ ሰብሳቢና ጸሐፊ የተፈረመ ደብዳቤ ያዘጋጅና ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ከስቴትመንቱ ጎን ያስቀምጥ። መኪና ወይም ቤት የሸጠ የሽያጭ ውሉን ያያይዝ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከማመልከቻው አራትና አምስት ወር በፊት የሱቁን የዕለት ገቢ ባንክ ማስገባት መጀመር ነው። የባንክ ስቴትመንቱ ቢያንስ የሦስት ወር፣ ከተቻለ የስድስት ወር፣ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ ከቀጠሮው በፊት በነበረው ሳምንት የወጣ ይሁን። የቴሌብር ዝርዝር ተጨማሪ ማስረጃ ሊሆን ይችላል፤ ባንኩን አይተካም።

የመመለስ ማስረጃ። እምቢታ የሚበዛው እዚህ ጋ ነው። ተቀጣሪ ከሆናችሁ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ የሥራ መደባችሁን፣ የተቀጠራችሁበትን ቀን፣ የወር ደመወዛችሁን፣ የተፈቀደላችሁን ዕረፍት ከቀን እስከ ቀን እና ሥራ የምትመለሱበትን ቀን በግልጽ ይያዝ። የደብዳቤው ደመወዝ ስቴትመንቱ ላይ ከሚገባው ጋር መግጠም አለበት፤ ከግብርና ከጡረታ በኋላ የሚደርሳችሁ ስለሚያንስ ጠቅላላውና የተጣራው ሁለቱም ይጻፉ። ነጋዴ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የቲን ምዝገባና የግብር ክሊራንስ ያቅርብ። የቤት ካርታ፣ የመኪና ሊብሬ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ይረዳሉ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ያለው ሁሉ ፈቃድ ባለው አስተርጓሚ ወደ እንግሊዝኛ ወይም ወደ ፈረንሳይኛ ይተርጎም። ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ የሚጓዝ ከሆነ የሌላኛው ወላጅ ፈቃድ በሰነዶች ማረጋገጫ ጸድቆ ይያዛል።

ማረፊያና በረራ። ሆቴሉን ያለ ቅጣት በሚሰረዝ ዓይነት ያዙ፤ ፋይሉ ከገባ በኋላ ግን ውሳኔው እስኪመጣ አትሰርዙት፣ ደውለው ያጣራሉ። ከበረራው የሚፈለገው የተያዘ ቦታ ማሳያ ነው፤ ቪዛ ሳይመጣ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬት መግዛት ሞኝነት ነው። ሆቴልም በረራም «እናዘጋጃለን» የሚል ደላላ አጠገብ አትድረሱ። የሐሰት ቡኪንግ ወይም የተቀባባ ስቴትመንት ከተገኘ እምቢታው የቪዛ መረጃ ቋት ውስጥ አምስት ዓመት ይቀመጣል፤ ሁሉም የሼንገን አገር ያየዋል። ፈረንሳይ ያለ ዘመድ የሚያስተናግዳችሁ ከሆነ በሚኖርበት ማዘጋጃ ቤት የአስተናጋጅነት ማረጋገጫ አውጥቶ ዋናውን ወረቀት ይላክላችሁ፤ በስልክ የተነሳ ፎቶው አይበቃም።

ኢንሹራንስ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ፣ ሕክምናንና ወደ አገር መመለስን፣ አስከሬንንም ጭምር የሚያካትት። ቀኑ ከመግቢያ እስከ መውጫ ብቻ አይሁን፤ ቪዛው ላይ 15 ቀን ማራዘሚያ ስለሚጨመር ኢንሹራንሱንም በዚያው ልክ አስረዝሙት። የአገር ውስጥ ኩባንያዎች ይሸጡታል፤ ቪዛ ከተከለከላችሁ ገንዘቡን መመለስ አለመመለሳቸውን ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ተቀበሉ።

በመጨረሻ የአንድ ገጽ ደብዳቤ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ የት የት እንደምታድሩ፣ ማን እንደሚከፍል፣ ለምን እንደምትመለሱ። ሐረር የሚኖር ሰው የራምቦን የትውልድ ከተማ ለማየት ሻርልቪል መሄድ መፈለጉ ራሱ የሚታመን ምክንያት ነው፤ ጻፉት። «አውሮፓን ማየት የልጅነት ሕልሜ ነው» የሚለውን ሠራተኛው በቀን ሃያ ጊዜ ያነበዋል።

አዲስ አበባ

አሻራ ለመስጠት በአካል መቅረብ ግድ ነው። ባለፉት 59 ወራት ውስጥ ለሼንገን የሰጣችሁት አሻራ ካለ ዳግመኛ ላይወሰድ ይችላል፤ ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አሻራ አይሰጡም። የቪዛው ክፍያ ለአዋቂ 90 ዩሮ፣ ከ6 ዓመት ጀምሮ 12 ላልሞላው ልጅ 45 ዩሮ ሲሆን ከ6 በታች ነፃ ነው፤ ማመልከቻ የሚቀበለው ድርጅት የአገልግሎት ክፍያውን ይጨምራል። ቢከለከሉም ክፍያው አይመለስም።

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ በመኪና ሙሉ ቀን ይወስዳል። በየትኛውም ብትሄዱ ቀጠሮው ዋዜማ አዲስ አበባ እደሩ። የጠዋቱ በረራ ዘግይቶ ቀጠሮ ያመለጠው ሰው እንደ አዲስ ወረፋ ይይዛል። ከሐረር የሚነሳ ሰው ወደ ድሬ አየር ማረፊያ ለመውረድ በሚኒባስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይያዝ፤ የደንገጎ ቁልቁለት ላይ አንድ ከባድ መኪና ከቆመ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል።

የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 8:30 የሚለው ከጠዋቱ 2:30 ነው። ይህን ማንም ያውቃል፤ ሆኖም በየጊዜው በስምንት ተኩል ከሰዓት የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ቀኑንም ልክ እንደዚያ ሁለት ጊዜ አመሳክሩት፣ በተለይ ወሩ በቁጥር ብቻ ከተጻፈ፤ 09 ማለት ሴፕቴምበር ነው፣ ዘጠነኛው ወራችን ግንቦት አይደለም።

ዋናውን ወረቀትና ኮፒውን ለየብቻ፣ ድረ ገጹ በዘረዘረው ተራ አስተካክላችሁ ያዙ። ፓስፖርቱ እዚያው ይቀራል። ለንግድ ጅቡቲ ወይም ሐርጌሳ የሚመላለስ የድሬ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት፤ እስከ 45 ቀን ያለ ፓስፖርት ይቀመጣል፣ መልሶ ለመውሰድ ማመልከቻውን መሰረዝ ግድ ይሆንበታል።

ቪዛው ሲመጣ መስኮቱን ሳትለቁ አንብቡት። ሦስት ነገር ይታይ፦ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ስንት ቀን መቆየት እንደተፈቀደ፣ ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ። ብዙ ሰው «ከ… እስከ…» የሚለውን ብቻ አይቶ 25 ቀን ያለው ይመስለዋል፤ የቆይታው ቁጥር 10 ካለ አሥር ቀን ብቻ ነው፣ የገባችሁበትም የወጣችሁበትም ቀን ይቆጠራል። የስም ፊደል ስህተት ካለ ያኔውኑ ይታረም።

ከተከለከላችሁ ከእምቢታው ጋር ምክንያቱ ምልክት የተደረገበት ፎርም ይሰጣል። ይግባኙ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል፤ ወዴት እንደሚላክ ወረቀቱ ላይ አለ። ምክንያቱ የጎደለ ማስረጃ ከሆነ ማስረጃውን አሟልቶ እንደ አዲስ ማመልከት ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። ያንኑ ፋይል ሳይነኩ ደግሞ ማስገባት 90 ዩሮ መጣል ነው።

ቲኬትና የመነሻ ቀን

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ፓሪስ ቀጥታ ይበራል። የድሬዳዋውን በረራ ለብቻ አትግዙ፤ ከድሬ እስከ ፓሪስ በአንድ ቲኬት ይቆረጥ። እንደዚያ ሲሆን ሻንጣው እስከ ፓሪስ ይላካል፣ የአገር ውስጡ በረራ ዘግይቶ ዋናው ካመለጣችሁም ሌላ በረራ የመፈለጉ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ይሆናል። ለየብቻ ከተገዛ ኪሳራው የእናንተ ነው።

ወደ አውሮፓ የሚነሱት በረራዎች በአብዛኛው እኩለ ሌሊት ገደማ ናቸው፤ እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። ቲኬቱ ላይ «ሰኞ 00:30» ካለ ቦሌ መገኘት ያለባችሁ እሑድ ማታ ነው፣ በረራው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 6:30 ነው። ሰኞ ማታ ሻንጣውን ጎትቶ የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ ሃያ ሰዓት አልፎታል። ፎርሙ ላይ የምትሞሉት የመግቢያ ቀንም የሰኞው ነው።

እሑድ ማታ ተነስቶ ሰኞ ጠዋት ማረፍ ሌላም ጥቅም አለው። ናቪጎ የሚባለው የፓሪስ የሳምንት ትራንስፖርት ካርድ የሚቆጠረው ከሰኞ እስከ እሑድ ነው። በ2025 ዋጋው 31.60 ዩሮ ነበር፣ ለካርዱ 5 ዩሮ ይጨመራል፤ በየጃንዋሪው ትንሽ ትንሽ ከፍ ይላል። የአየር ማረፊያውን ባቡር ያካትታል፤ ያለ እሱ ከሻርል ደጎል አየር ማረፊያ ከተማ ለመግባት ብቻ 13 ዩሮ፣ ለአንድ ጊዜ የሜትሮ ጉዞ 2.50 ዩሮ ይከፈል ነበር። ያ 25 በ30 የሆነው ፎቶ ካርዱ ላይ የሚለጠፍ ነው። ሐሙስ የደረሰ ሰው ሙሉውን ከፍሎ አራት ቀን ብቻ ይጠቀምበታል፤ ዓርብ የደረሰ የዚያን ሳምንቱን ጭራሽ አያገኝም።

አሥሩ ቀን ሲደለደል

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስቱን ሌሊት ፓሪስ እደሩ። እሑድ ከሰዓት ከጋር ደ ሌስት ጣቢያ ወደ ሻርልቪል ሜዚዬር ተሳፈሩ፤ የባቡሩን ቲኬት ቀደም አድርጎ የገዛ በርካሽ ያገኘዋል። ሻርልቪል ላይ ሁለት ሌሊት ማደር ያስፈለገው የራምቦ ሙዚየም ሰኞ ስለሚዘጋ ነው። ሰኞ ፕላስ ዱካል የሚባለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን አደባባይ፣ የሜዝ ወንዝ ዳርንና የራምቦን መቃብር አይታችሁ ማክሰኞ ጠዋት ሙዚየሙን ትገባላችሁ። ሙዚየሙ ያለው ወንዙ ላይ በተሠራ የድሮ ወፍጮ ቤት ውስጥ ነው። ራምቦ በ1883 ሐረር ላይ ሆኖ ራሱን ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ ልኳል፤ የሐረር ሰው ከመሄዱ በፊት ጀጎል ውስጥ ያለውን «የራምቦ ቤት» አይቶ ቢሄድ ሁለቱን ማነጻጸር ይችላል። የጀጎሉ ቤት እሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ የነጋዴ ቤት መሆኑን ግን አትርሱ።

ማክሰኞ ማታ ተመልሳችሁ ፓሪስ እደሩ። በረራው ረቡዕ ስለሆነ በዚያው ቀን ከሻርልቪል ተነስቶ በቀጥታ አየር ማረፊያ መሮጥ አያዋጣም፤ የፈረንሳይ ባቡር ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ እንግዳ ነገር አይደለም።

ፓሪስ ላይ የሉቭር ሙዚየም ማክሰኞ፣ የኦርሴ ሙዚየም ሰኞ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የቬርሳይ ቤተ መንግሥትም ሰኞ ይዘጋሉ። ሉቭር ከጃንዋሪ 14 ቀን 2026 ጀምሮ ከአውሮፓ ውጭ ለሚመጣ ጎብኚ 32 ዩሮ ነው፤ ሰዓት የተቆረጠበት ቲኬት አስቀድሞ በኢንተርኔት ይገዛል። በዲሴምበር 2024 እንደገና የተከፈተው የኖትር ዳም ካቴድራል፣ የሳክሬ ኬር ቤተ ክርስቲያንና የፕቲ ፓሌ ሙዚየም ቋሚ ስብስብ በነፃ ይታያሉ። ኪስ ከሳሳ ቀኑን በነዚህ መሙላት ይቻላል።

ስለ ምግብ፦ ሐላል ሥጋ ቤትና ምግብ ቤት በባርቤስና በቤልቪል ሰፈሮች እንደ ልብ ነው። ጿሚ ደግሞ «ቪጋን» የሚል ጽሑፍ ይፈልግ፤ «ቬጀቴሪያን» የሚለው ቅቤም እንቁላልም ሊኖርበት ይችላል። የቧንቧ ውኃ ይጠጣል፤ ምግብ ቤት ውስጥ «ካራፍ ዶ» ብሎ የጠየቀ በነፃ ይቀርብለታል።

ገንዘብና ሻንጣ

ባንክ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት አይቶ ነው፤ ስለዚህ ቪዛው ሳይመጣ አትሂዱ፣ ከመጣ በኋላ ግን እስከ መጨረሻው ሳምንት አትጠብቁ። ቅርንጫፉ በዕለቱ ዩሮ ላይኖረው ይችላል፤ ከሁለት ሦስት ባንክ ቀድማችሁ ጠይቁ። በ50 እና በ20 ኖት ተቀበሉ፤ 500 ዩሮ ኖት የሚቀበል ሱቅ አይገኝም፣ 200ም ያንገራግራሉ። ለጉዞ የሚሆን ዓለም አቀፍ ካርድ የሚሰጥ ባንክ ካላችሁ ግማሹን እዚያ ላይ አድርጉት፤ ካርዱ ለኦንላይን ክፍያ መከፈቱን ከመሄዳችሁ በፊት አረጋግጡ። የምንዛሪውን ደረሰኝ ያዙ፣ ቦሌ ሊጠየቅ ይችላል። ብር ይዛችሁ አትሂዱ፤ ፓሪስ ላይ የሚመነዝረው የለም።

አሁን ወደ ሻንጣው። ጫት አይገባም። አወዳይ ላይ እንደ ሰላምታ የሚቀርበው ቅጠል ፈረንሳይ ውስጥ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ጀርመን፣ ጣልያን፣ ኔዘርላንድስና ብሪታንያም እንዲሁ። ትኩሱም፣ የደረቀውም፣ «ለራሴ ትንሽ» የሚለውም ያው ነው። ፓሪስ ያለ ዘመድ ላክልኝ ቢል «አቦ ተወኝ» በሉት። የሰው ሻንጣ ወይም ፌስታል አደራ አትቀበሉ።

ሥጋና የወተት ውጤት ወደ አውሮፓ ኅብረት ማስገባት ክልክል ነው። ስለዚህ ቋንጣ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ አይብና ዶሮ ወጥ ይቅሩ። የድሬ ማንጎና ዘይቱንም ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይገቡም። በርበሬ፣ ቅቤ ያልነካው ሽሮና የተቆላ የሐረር ቡና ይቻላል፤ በታሸገ ከረጢት፣ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ተጽፎበት ይሁን። ምልክት የሌለው ቀይ ዱቄት በፌስታል ታስሮ ሲገኝ ሻንጣ መፈተሹ አይቀርም።

ለልብስ ብዙ አታውጡ። የድሬ ሙቀት የለመደው ሰው ለ15 ዲግሪ የሚሆን ጃኬት ቤቱ ላይኖረው ይችላል፤ ከሰልባጅ ተራ ጥሩ የክረምት ጃኬት ተመርጦ ይገኛል፣ እዚያው ፓሪስ ከሚገዛው በብዙ ይረክሳል። ከልብሱ ይልቅ ለጫማው ተጨነቁ፤ ውኃ የማያስገባና ቢያንስ ሁለት ሳምንት የተለመደ ይሁን። የእኛ ሁለት ክብ ጥርስ ያለው ሶኬት ፈረንሳይም ስለሚሠራ አዳፕተር አያስፈልግም።

ድንበርና መመለሻ

ቪዛ ያለው ሰውም ድንበር ላይ ሊጠየቅ ይችላል። የሆቴሉ፣ የመመለሻ ቲኬቱ፣ የኢንሹራንሱ ወረቀት በእጅ በሚያዘው ቦርሳ ታትሞ ይቀመጥ፤ ስልክ ባትሪ ሲዘጋ ማስረጃም አብሮ ይዘጋል። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ድንበሮች መግቢያና መውጫን በኮምፒውተር መመዝገብ ጀምረዋል፤ ፎቶ ትነሳላችሁ። ከተፈቀደው አንድ ቀን ማለፍ እንኳ ተመዝግቦ ይቀራል፣ ለሚቀጥለውም ማመልከቻ እንቅፋት ይሆናል።

የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር በሁሉም የኅብረቱ አገሮች 112 ነው።

ከአንድ ሱቅ ከ100 ዩሮ በላይ የገዛ ጎብኚ የተጨማሪ እሴት ታክሱ ከፊል ይመለስለታል። ሲከፍል ፓስፖርቱን አሳይቶ የታክስ ተመላሽ ፎርም ይጠይቅ፤ ሱቁ ቆይቶ አይሰጥም። ረቡዕ ማታ ሻርል ደጎል ስትደርሱ መጀመሪያ «ፓብሎ» የሚባለው ማሽን ጋ ሄዳችሁ ፎርሙን አስነብቡ፤ ጉምሩኩ ዕቃውን እንይ ሊል ስለሚችል ሻንጣውን ከዚያ በኋላ አስረክቡ። ሻንጣው ሲመዘን ምልክቱ ላይ የድሬዳዋ ኮድ፣ በላቲን ፊደል ዲ፣ አይ፣ አር፣ መጻፉን አይታችሁ እለፉ፤ የአዲስ አበባው ብቻ ከተጻፈ ቦሌ ላይ ራሳችሁ አውጥታችሁ ለአገር ውስጡ በረራ እንደገና ማስረከብ ይኖርባችኋል።